ከባድ የቱሬት ሕመምና የአንጎል ቀዶ ሕክምና፤ «የመጨረሻ አማራጭ» የሚለው ቃል ሲመዘን

መግቢያ

የቱሬት ሕመም (ቱሬት ሲንድረም) በልጅነት ዕድሜ የሚጀምር፣ በድንገትና በተደጋጋሚ በሚከሰቱ እንቅስቃሴዎችና ድምፆች የሚገለጽ የነርቭ ሥርዓት ሕመም ነው። እነዚህ እንቅስቃሴዎችና ድምፆች በሕክምናው ቋንቋ «ቲክ» ይባላሉ። ሕመሙ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1885 የዘጠኝ ሕሙማንን ታሪክ ጽፈው ካሳተሙት ከፈረንሳዊው ሐኪም ከዦርዥ ዢል ደ ላ ቱሬት ነው። ሕመሙ አለ ለማለት ከአንድ በላይ የእንቅስቃሴ ቲኮችና ቢያንስ አንድ የድምፅ ቲክ ከ18 ዓመት ዕድሜ በፊት ጀምረው ከአንድ ዓመት በላይ መቆየት ይኖርባቸዋል። ብዙ ሰው ሕመሙን የሚያስታውሰው ታካሚው ሳይፈልግ በሚያወጣው የስድብ ቃል ቢሆንም፣ ይህ ምልክት የሚታየው በጥቂቶቹ ሕሙማን ላይ ብቻ ነው።

ቲኮች በአብዛኛው ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራሉ፤ ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ይበረታሉ፤ ከዚያ በኋላ በብዙዎቹ ሕሙማን ላይ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ጥቂቶች ግን ወደ አዋቂነት ዕድሜ ሲሻገሩ ሕመሙ ይከብድባቸዋል። አንገትን በኃይል የሚወረውር ቲክ ኅብለ ሰረሰርን ሊጎዳ ይችላል፤ በተደጋጋሚ ዓይንን የሚመታ እጅ ብርሃንን ሊያሳጣ ይችላል። በአሜሪካ አገር በአንድ የእንቅስቃሴ ሕመሞች ክሊኒክ የታዩ 332 የቱሬት ሕሙማን ተጠንተው እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ዘገባ፣ 17ቱ (5.1 በመቶ) በቲክ ወይም ከቲክ ጋር ተያይዞ በሚመጣ የባሕርይ ችግር ምክንያት ለድንገተኛ ሕክምና ወይም ሆስፒታል ለመተኛት የተዳረጉ ነበሩ። እነዚህ ሕሙማን ወደ አንድ ልዩ ክሊኒክ የተላኩ በመሆናቸው ቁጥሩ የሕመሙን ጠቅላላ ገጽታ አያሳይም። ይሁን እንጂ ቱሬት አንዳንድ ጊዜ አካልን የሚያጎድል ሕመም መሆኑን ለማስረዳት በቂ ነው።

ላለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ያህል ለእንደነዚህ ያሉ ሕሙማን «የመጨረሻ አማራጭ» እየተባለ የሚቀርበው ሕክምና ኤሌክትሮድ ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍል አስገብቶ በኤሌክትሪክ ማነቃቃት (በተለምዶ ዲ.ቢ.ኤስ. የሚባለው) ነው። ይህ ጽሑፍ ሕክምናው የቆመበትን ማስረጃ በሒስ ዓይን ለመመርመር ይሞክራል። የጽሑፉ አቋም በአጭሩ የሚከተለው ነው። ሕክምናው ለጥቂት ሕሙማን ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን ማስረጃው ስለ ሕክምናው ከሚነገረው ያነሰ ነው። «የመጨረሻ» የሚለውን ቃልም ትርጉም የሚሰጠው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያሉት ሕክምናዎች በእርግጥ ተሞክረው መገኘታቸው ብቻ ነው።

ከማቃጠል ወደ ማነቃቃት

የቱሬት ሕመምን በአንጎል ቀዶ ሕክምና ለማከም የተደረገው ሙከራ ከማነቃቂያው መሣሪያ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአንጎልን የፊት ክፍል ግንኙነቶች የመቁረጥ ሙከራዎች ተደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ሐስለርና ዲክማን የተባሉ ጀርመናውያን ሐኪሞች የታላመስን የተወሰኑ ክፍሎች በማቃጠል በሦስት ሕሙማን ላይ መሻሻል ማየታቸውን ዘገቡ። እነዚህ ሥራዎች የተሠሩት መለኪያዎች ባልተስማሙበት፣ ማነጻጸሪያ ቡድን ባልነበረበትና ክትትሉ ወጥ ባልሆነበት ዘመን ነበር። የተቃጠለ የአንጎል ክፍል ተመልሶ ስለማይተካ፣ ጉዳት የደረሰበት ታካሚ ጉዳቱን ይዞ ይኖር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 ቫንደዋልና ባልደረቦቻቸው «ላንሴት» በተባለው መጽሔት ባወጡት አጭር ዘገባ፣ የሐስለርን የታላመስ ዒላማ ተከትለው በአንድ የ42 ዓመት ሰው አንጎል ውስጥ በሁለቱም ወገን ኤሌክትሮድ አስገብተው ቲኮቹ በእጅጉ መቀነሳቸውን ገለጹ። የዘመኑ የቱሬት ቀዶ ሕክምና የጀመረው ከዚህ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ከዚያ ወዲህ ታላመስን ብቻ ሳይሆን የግሎበስ ፓሊደስን የውስጥ ክፍል የፊትና የኋላ ገጽ፣ የውስጠኛውን ካፕሱል የፊት ክንፍና ኑክሊየስ አኩምበንስን የመረጡ ባለሙያዎች ተነሥተዋል። ይህ ሁሉ የዒላማ ብዛት በአንድ በኩል የሕመሙ ዑደት ከአንጎል ገጽ እስከ ባዛል ጋንግሊያና ታላመስ የተዘረጋ መሆኑን ያንጸባርቃል። በሌላ በኩል ግን የትኛው ቦታ ለየትኛው ታካሚ እንደሚሻል ገና ስምምነት ላይ አለመደረሱን ያመለክታል። ለፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጠው ተመሳሳይ ሕክምና ዒላማዎቹ ጥቂትና በትልልቅ ጥናቶች የተፈተኑ ስለሆኑ፣ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም።

በግልጽ የታየውና በስውር የተመዘነው

ለቀዶ ሕክምናው ጥብቅና የሚቆሙ ጽሑፎች አዘውትረው የሚጠቅሷቸው ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ የወጣ፣ 57 ጥናቶችንና 156 ሕሙማንን ያጠቃለለ ትንተና ሲሆን፣ በዬል አጠቃላይ የቲክ ክብደት መለኪያ ሲታይ ከ50 በመቶ በላይ መሻሻል መገኘቱን ይገልጻል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የዓለም አቀፍ መዝገብ ዘገባ ነው። ይህ መዝገብ በ10 አገሮች በሚገኙ 31 ተቋማት የታከሙ 185 ሕሙማንን የያዘ ሲሆን፣ የመለኪያው አማካይ ውጤት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከነበረው 75 ገደማ ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ 41 ዝቅ ማለቱን፣ ይህም የ45.1 በመቶ መሻሻል መሆኑን ያስረዳል።

ቁጥሮቹ ትልልቅ ናቸው። ነገር ግን አብዛኛው መረጃ የመጣው ታካሚውም ሐኪሙም መሣሪያው መብራቱን እያወቁ ከተደረገ ክትትል ነው። ለቱሬት ሕመም ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። የቲክ ባሕርይ ከፍና ዝቅ ማለት ነው፤ ለሳምንታት ይበረታል፣ ለሳምንታት ይቀላል። ታካሚ ወደ ቀዶ ሐኪም የሚደርሰው ደግሞ ሕመሙ በበረታበት ወቅት ስለሆነ፣ ምንም ሳይደረግለትም ከጊዜ በኋላ ወደ ወትሮው ደረጃ የመመለስ ዕድል አለው። በዚህ ላይ አንጎልን የሚነካ ቀዶ ሕክምና የሚፈጥረው ተስፋ ሲታከል፣ የፕላሴቦ ውጤት ከክኒን ይልቅ ሊበረታ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በመሆኑም ጥያቄው መመለስ የሚችለው ታካሚውም መዛኙም መሣሪያው መብራት አለመብራቱን በማያውቁበት ጥናት ነው።

እንዲህ ያሉት ጥናቶች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአምስት ሕሙማን ላይ፣ በ2011 ደግሞ በስድስት ሕሙማን ላይ በታላመስ የተደረጉት ስውር ጥናቶች መሻሻል አሳይተዋል፤ ሆኖም ከአምስትና ከስድስት ሰው የሚወሰድ መደምደሚያ ውሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ አገር የተደረገው የግሎበስ ፓሊደስ ጥናት 15 ሕሙማንን የያዘ ሲሆን 13ቱ ስውሩን ክፍል ፈጽመዋል። እያንዳንዱ ታካሚ ሦስት ወር መሣሪያው በርቶ፣ ሦስት ወር ጠፍቶ ተመዝኗል። አማካይ ውጤቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት 87.9፣ መሣሪያው ጠፍቶ ሳለ 80.7፣ በርቶ ሳለ 68.3 ነበር። በበራውና በጠፋው መካከል ያለው ልዩነት 12.4 ነጥብ ወይም 15.3 በመቶ ነው። በስታቲስቲክስ ሚዛን ልዩነቱ እውነተኛ ተብሎ ቢቀርብም፣ የመተማመኛው ወሰን ከ0.1 እስከ 24.7 ነጥብ የተዘረጋ በመሆኑ ከምንም አጠገብ ጀምሮ ትልቅ እስከሚባለው ድረስ ያለውን ሁሉ ያቅፋል። ከዚህ በኋላ መሣሪያው ለሁሉም በግልጽ በርቶ በተደረገው ክትትል የታየው መሻሻል ግን በእጅጉ የላቀ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የፈረንሳይ ጥናት የበለጠ ጥያቄ ያስነሣል። 17 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ለአንደኛው ቡድን የግሎበስ ፓሊደስ ማነቃቂያ ሲበራ ለሌላው ሳይበራ ቀርቶ ለሦስት ወር ተከታትለዋል። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም፤ በሁለቱም በኩል የታየው ሚዲያን ለውጥ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነበር። በቀጣዩ የስድስት ወር ግልጽ ክትትል ሕሙማኑ መሻሻል አሳይተዋል። በዚያው ጥናት 15 ከባድ የጎንዮሽ ጉዳቶች የተመዘገቡ ሲሆን፣ በአራት ሕሙማን ላይ የተተከለው ዕቃ ኢንፌክሽን አግኝቶታል።

ከዚህ ተነሥቶ «ሕክምናው አይሠራም» ማለት ግን ተገቢ አይሆንም። የጥናቱ ደጋፊዎች በትክክል እንደሚያስረዱት፣ የኤሌክትሪኩን መጠን ለእያንዳንዱ ታካሚ ማስተካከል ብዙ ወራት የሚወስድ ስለሆነ ሦስት ወር አጭር ሊሆን ይችላል፤ 17 ሰውም ልዩነትን ለመለየት ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ይህ መከራከሪያ ሁለት ስለት አለው። ጥናቱ ሕክምናው አለመሥራቱን ለማረጋገጥ ትንሽ ከሆነ፣ የቀሩትም ጥናቶች መሥራቱን ለማረጋገጥ ትንንሽ ናቸው ማለት ነው። በግልጽ ክትትል 45 በመቶ የተባለው ውጤት በስውር ሚዛን ላይ ሲወጣ በአንድ ጥናት ወደ 15 በመቶ፣ በሌላው ወደ ዜሮ መውረዱን ታካሚውና ቤተሰቡ ከመፈረማቸው በፊት ሊያውቁት ይገባል።

መለኪያው ራሱም ጥንቃቄ ይሻል። የዬል መለኪያ ጠቅላላ ውጤት ከ100 ሲሆን፣ ግማሹ የቲኮቹን ብዛትና ጥንካሬ፣ ግማሹ ደግሞ ሕመሙ በታካሚው ኑሮ ላይ ያደረሰውን ጫና ይመዝናል። ስለዚህ ቲኩ ሳይቀንስ የታካሚው ስሜትና ተስፋ ቢሻሻል ጠቅላላው ቁጥር ሊወርድ ይችላል። ይህ ለታካሚው ዋጋ የለውም አይባልም፤ ነገር ግን ኤሌክትሮዱ የቲክን ዑደት አረጋግቷል ለማለት ማስረጃ አይሆንም።

«መድኃኒት አልሠራለትም» ሲባል

እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካው የቱሬት ሲንድረም ማኅበር አማካይነት የወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ለቀዶ ሕክምና የሚቀርበው ታካሚ ከ25 ዓመት በላይ እንዲሆን፣ የቲክ ክብደቱም በመለኪያው የቲክ ክፍል ከ50 ቢያንስ 35 እንዲደርስ ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ምክሩ ሲሻሻል ጥብቁ የዕድሜ ገደብ ተነሥቶ፣ ታካሚው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲያየው ተወሰነ። የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ደግሞ፣ የተለያዩ ዓይነት መድኃኒቶችና የባሕርይ ሕክምና ተሞክረው አለመሥራታቸው ወይም መሞከር የማይቻል መሆኑ ሳይረጋገጥ ሐኪም ይህን ሕክምና እንዳያዝ ያሳስባል።

በወረቀት ላይ መስፈርቱ ጥብቅ ነው። በሥራ ላይ ግን «አልሠራም» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ሃሎፔሪዶል በመጀመሪያው ሳምንት ጡንቻ አጨማዶበት ያቆመ ታካሚ መድኃኒቱ አልሠራለትም ማለት አይቻልም፤ አልተስማማውም እንጂ። መጠኑ ከሚገባው በታች ሆኖ ለሁለት ሳምንት የተሰጠ ሪስፔሪዶንም ተሞክሯል አይባልም። ክሎኒዲን፣ አሪፒፕራዞል፣ በአንድ ቦታ ለተወሰነ ቲክ የሚወጋው ቦቱሊነም ቶክሲን፣ እያንዳንዳቸው በተገቢው መጠንና ጊዜ መሞከራቸው በካርዱ ላይ ሊነበብ ይገባል።

ከሁሉም በላይ የሚዘለለው የባሕርይ ሕክምናው ነው። በዚህ ሕክምና ታካሚው ከቲኩ በፊት የሚመጣውን ውስጣዊ ግፊት ለይቶ ማወቅን ይማራል፤ ግፊቱ ሲመጣም ከቲኩ ጋር አብሮ ሊሄድ የማይችል ሌላ እንቅስቃሴ ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በ126 ልጆችና ታዳጊዎች ላይ በዕጣ በተደረገ ጥናት፣ በአሥር ሳምንት ውስጥ ስምንት ጊዜ ይህን ሕክምና ካገኙት 52.5 በመቶው ሲሻላቸው፣ ምክርና ድጋፍ ብቻ ካገኙት የተሻላቸው 18.5 በመቶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 በ122 ሰዎች፣ በአብዛኛው አዋቂዎች ላይ የተደረገው ተመሳሳይ ጥናት 38.1 በመቶና 6.4 በመቶ ውጤት አሳይቷል። እነዚህን ቁጥሮች ከላይ ከተጠቀሱት የቀዶ ሕክምና ጥናቶች ጋር በቀጥታ ማነጻጸር አይቻልም፤ ሕሙማኑ በክብደት ይለያያሉና። ነገር ግን ከመቶ በላይ ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ የተፈተነው ሕክምና ቀለም፣ ወረቀትና ትዕግሥት የሚጠይቀው መሆኑ፣ በአሥራ ሰባት ሰው የተፈተነው ደግሞ የራስ ቅል የሚበሳው መሆኑ ሊያሳስበን ይገባል።

ሌላው ጥያቄ ምርመራው ትክክል መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በብዙ አገሮች በታዳጊ ሴቶች ላይ በድንገት የጀመሩ፣ ቲክ የሚመስሉ የተግባር መዛባት እንቅስቃሴዎች በብዛት ታይተዋል። እነዚህ በመልካቸው ከከባድ ቱሬት በላይ የከበዱ ሊመስሉ ቢችሉም መነሻቸውም ሕክምናቸውም የተለየ ነው። ከከባድ ቱሬት ጋር አብረው የሚመጡት የኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ ሕመም፣ የትኩረት ማነስና የድብርት ችግሮችም ብዙ ጊዜ ከቲኩ ይልቅ ኑሮን የሚያበላሹት እነርሱ ናቸው። እነርሱ ሳይታከሙ ቲክን በቀዶ ሕክምና ለማቆም መነሣት ዋናውን ሕመም ትቶ ጥላውን ማሳደድ ይሆናል።

የሚመለሰውና የማይመለሰው

ማነቃቂያው ከቀድሞው ማቃጠል የሚሻልበት ምክንያት «የሚመለስ» መሆኑ ነው ይባላል። በከፊል እውነት ነው፤ መሣሪያው ሊጠፋ፣ ኤሌክትሮዱም ሊወጣ ይችላል። በአንጎል ውስጥ የፈሰሰ ደም ያደረሰው ጉዳት ግን በማጥፊያ ቁልፍ አይመለስም። በ2018ቱ መዝገብ ዘገባ፣ የጉዳት መረጃ ከተገኘላቸው 158 ሕሙማን መካከል 56ቱ (35.4 በመቶ) አንድ ዓይነት የጎንዮሽ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ መጠኑን በማስተካከል የሚቀንሱ የመደንዘዝና የንግግር መኮላተፍ ችግሮች ነበሩ። ሁለት ሰዎች (1.3 በመቶ) በራስ ቅል ውስጥ ደም ፈስሷቸዋል፤ አራት ሰዎች ኢንፌክሽን አግኝቷቸዋል። ለብዙ ሙያዎች ይህ ዝቅተኛ የሚባል መጠን ነው። መዝገቡ የያዘው ግን ልምድ ያላቸውን፣ ውጤታቸውን በፈቃዳቸው የሚያስመዘግቡ ማዕከላትን መሆኑን፣ ከ185ቱም ስለ 27ቱ የጉዳት መረጃ አለመቅረቡን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ ሕክምናው በቀዶ ሕክምናው ዕለት አያበቃም። የሞገድ አመንጪው ባትሪ በዓመታት ውስጥ ያልቃል፤ ሽቦ ሊበጠስ ይችላል፤ መጠኑን የሚያስተካክል ሠልጣኝ ባለሙያ ለዕድሜ ልክ ያስፈልጋል። ታካሚው በአማካይ በሃያዎቹ መጨረሻ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት በመሆኑ ይህ ግዴታ የአርባና የሃምሳ ዓመት ሊሆን ይችላል።

ለአገራችን የጤና ባለሙያ

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ ሩቅ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ቲክ ያለበት ልጅ በየትምህርት ቤቱ አለ። መምህሩ እንደ ባለጌ፣ ቤተሰቡ እንደ ዛር ወይም ቡዳ ሊያየው ይችላል፤ ጠበል ተወስዶ፣ ተገርፎ ወይም ከትምህርት ቀርቶ ወደ እኛ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ቤተሰቡን ስለ ጠበል መውቀስ አያሻም፤ ሕክምናው ጎን ለጎን እንዲሄድ ማግባባት እንጂ። የሩማቲክ ትኩሳት ባለበት አገር ደግሞ አዲስ የጀመረ ያልታዘዘ እንቅስቃሴ ሁሉ ቲክ ተብሎ እንዳይታለፍ፣ የሲድናም ኮሪያ መሆኑን መመርመርና ልብን ማዳመጥ ግድ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ለሕክምና ወደ ውጭ አገር መሄድ ነው። ንብረቱን ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ልጁን ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ወላጅ «አንጎል ውስጥ የሚገባ መሣሪያ አለ ይባላል» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። መልሳችን «እሱማ ለሀብታም ነው» የሚል ከሆነ ተስፋውንም ውሳኔውንም በገንዘብ ብቻ መዘንነው ማለት ነው። ተገቢው መልስ ከላይ የተዘረዘረውን ማስረጃ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳትና ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ነው። ልጁ የባሕርይ ሕክምናን ጨምሮ ከዚህ በፊት ያሉትን ሕክምናዎች በሙሉ ሞክሯል ወይ? ከተመለሰ በኋላስ መሣሪያውን የሚያስተካክለው፣ ባትሪውን የሚቀይረው፣ ኢንፌክሽን ቢነሣ የሚደርስለት ማን ነው? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ሳይኖር የተተከለ መሣሪያ ባትሪው ባለቀ ዕለት ቲኩ የሚመለስበት፣ ታካሚውም ከቀድሞው የከፋ ተስፋ መቁረጥ ውስጥ የሚወድቅበት ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል በእጃችን ያለው ጥቂት አይደለም። ሃሎፔሪዶል በአገራችን የመሠረታዊ መድኃኒቶች መዘርዝር ውስጥ ያለ ነው፤ በዝቅተኛ መጠን ተጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ ቢል የጡንቻ መጨማደዱን መቀነስ ይቻላል። የባሕርይ ሕክምናውንም የሥነ አእምሮ ነርሶችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ሠልጥነው ሊሰጡት የሚችሉት ነው። ለመምህሩ የሚጻፍ አንዲት ገጽ ደብዳቤም አንዳንድ ጊዜ ከመድኃኒቱ የበለጠ ትረዳለች።

ማጠቃለያ

የአንጎል ማነቃቃት ለከባድ የቱሬት ሕመም ከሙከራ ደረጃ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ቀዶ ሕክምናው ሊታሰብ የሚገባው በአዋቂ ዕድሜ ላለ፣ ምርመራው በተረጋገጠ፣ ቲኩ አንገቱን፣ ዓይኑን ወይም ሕይወቱን ለአደጋ ባጋለጠ፣ መድኃኒቱና የባሕርይ ሕክምናው በተገቢው መንገድ ተሞክረው ባልረዱት ታካሚ ላይ ነው። ሥራው የነርቭ ሐኪም፣ የሥነ አእምሮ ሐኪምና የቀዶ ሐኪም በጋራ በሚወስኑበት፣ ውጤቱ በሚመዘገብበትና የዕድሜ ልክ ክትትል በሚገኝበት ማዕከል ብቻ ሊከናወን ይገባል። ለእንዲህ ያለው ታካሚ በሩን መዝጋትም ጉዳት ነው፤ ኅብለ ሰረሰሩ እየተጎዳ ያለ ሰው ትልቅ ጥናት እስኪወጣ ጠብቅ ሊባል አይችልም። ለቀሩት ብዙዎች ግን የመጨረሻው በር ከመንኳኳቱ በፊት የመጀመሪያውና የሁለተኛው በር መከፈታቸውን ማረጋገጥ የሐኪሙ ግዴታ ነው። ይህ ግዴታ ደግሞ ኤሌክትሮድም ሆነ ማደንዘዣ አይፈልግም፤ በየጤና ጣቢያችን ዛሬውኑ ልንጀምረው እንችላለን።